የምርጫ ቀበሌ ወሰንና የነዋሪው ምክር

በሥነ ዜጋ ትምህርት ስለ ከተማ ምክር ቤቶች ባስተማርሁ ቍጥር ተማሪዎች ስለ ምርጫው ቀን፥ ስለ ድምፅ መስጫው ሳጥንና ስለ ቈጠራው ብዙ ይጠይቁኛል። ስለ ምርጫው ቀበሌ ወሰን ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም ለማለት እችላለሁ። ነገሩ አያስገርምም። ሳጥኑ በዐይን ይታያል፤ ወሰኑ ግን በካርታ ላይ የተሳለ ቀጭን መሥመር ስለ ሆነ ማንም ልብ አይለውም። ሆኖም መራጩ ወደ ሳጥኑ ከመድረሱ ብዙ ዘመን በፊት መሥመሩ ተሰምሮ አልቋል፤ አንዳንድ ጊዜም የምርጫው ውጤት ከዚያው ላይ ተወስኖ ይቈያል። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ስለዚሁ መሥመር፥ ይኸውም ሲጣመም ምን እንደሚያስከትል፥ የሚያቃናው ማን እንደ ሆነና የሰፈሩ ነዋሪ ስለ ምን መጠየቅ እንዳለበት ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ላስረዳ። እንግሊዞች «ዋርድ» የሚሉትን እኔ «የምርጫ ቀበሌ» እለዋለሁ። ይኸውም አንድ ከተማ ወይም አንድ አውራጃ ለምክር ቤቱ አባላትን ለመምረጥ የሚከፋፈልበት ክፍል ነው። በአገራችን ቀበሌ ይባል ከነበረው አስተዳደር ጋር አንባቢ እንዳያምታታብኝ አደራ እላለሁ። የማወሳቸውም ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የወሰን ጥመት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቍጥር የሚታይ ነው። በአሜሪካ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት ሚድላንድ በሚባል አውራጃ አስተዳደሩን የሚመሩት ኮሚሽነሮች ከአራት ቀበሌዎች ይመረጡ ነበር። ከተማው በሙሉ ማለት ይቻላል በአንዱ ቀበሌ ውስጥ ሲሆን የዚያ ቀበሌ ሕዝብ 67,906 ነበር። የቀሩት ሦስቱ የገጠር ቀበሌዎች 852፥ 828 እና 414 ሰዎች ብቻ ነበሩባቸው። አራቱም ቀበሌዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው ይመርጣሉ። እንግዲህ 2,094 የገጠር ሰዎች ሦስት ኮሚሽነር ሲኖራቸው 67,906ቱ አንድ ብቻ ነበራቸው ማለት ነው። ነገሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1968 ፍርድ ተሰጠበት፤ የድምፅ እኩልነት ለአገር ፓርላማ ብቻ ሳይሆን ለአካባቢ ምክር ቤትም እንደሚያስፈልግ ተወሰነ። ይህን የመሰለውን ጥመት ማንም መደመርና ማካፈል የሚያውቅ ተማሪ ሊያገኘው ይችላል።

ሁለተኛው ግን በማካፈል ብቻ አይገኝም። ይህን ለማስረዳት በሰሜን አየርላንድ ከምትገኘው ከሎንዶንዴሪ ከተማ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። (የከተማዋ ስም ራሱ ክርክር አለበት፤ ካቶሊኮቹ ብዙውን ጊዜ ደሪ ብቻ ይሏታል።) ከተማዋን የፎይል ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በ1936 በወጣው ድልድል መሠረት ለምክር ቤቷ ምርጫ በሦስት ቀበሌ ተከፍላ ነበር፤ ሁለቱ፥ ማለት ሰሜንና ደቡብ የሚባሉት፥ ከወንዙ ወዲህ በምዕራብ፥ ሦስተኛው ዋተርሳይድ የሚባለው ከወንዙ ማዶ በምሥራቅ ነበሩ። ምክር ቤቱ 20 አባላት ነበሩት። ከነዋሪው የሚበዛው ካቶሊክ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን የሚሰጠው ከአየርላንድ ጋር መዋሐድን ለሚደግፉት ነበር፤ ፕሮቴስታንቱ ደግሞ ከብሪታንያ ጋር መኖርን ለሚደግፉት ይሰጥ ነበር።

በ1969 በሎርድ ካሜሮን ሰብሳቢነት ነገሩን ያጣራው ኮሚሽን የ1967ን የመራጮች ቍጥር እንዲህ አድርጎ ገልጾታል። በደቡብ ቀበሌ 10,047 ካቶሊኮችና 1,138 ሌሎች መራጮች ነበሩ፤ 8 አባላት ይመርጣሉ። በሰሜን ቀበሌ 2,530 ካቶሊኮችና 3,946 ሌሎች ነበሩ፤ እነርሱም 8 ይመርጣሉ። በዋተርሳይድ 1,852 ካቶሊኮችና 3,697 ሌሎች ነበሩ፤ 4 ይመርጣሉ። ሲደመር ካቶሊኮቹ 14,429፥ ሌሎቹ 8,781 ናቸው። ከመቶ 62 የሚሆነው መራጭ 8 መቀመጫ ብቻ ሲያገኝ ከመቶ 38 የሚሆነው 12 መቀመጫ ይዞ ከተማይቱን ያስተዳድር ነበር።

እዚህ ላይ ተማሪዎች እርሳስ እንዲያነሡ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ የቍጥሩን ጥመት እንፈልግ። በሰሜን ቀበሌ 6,476 መራጭ ለ8 አባላት ሲካፈል ለአንድ አባል 810 ያህል ይደርሳል። በደቡብ 11,185 ለ8 ሲካፈል 1,398 ይሆናል። የሰሜኑ ሰው ድምፅ ከደቡቡ ሰው ድምፅ ይልቅ አንድ ከሰባት ዐሥረኛ ጊዜ ያህል ይከብድ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ይህን እናስተካክል ብለን ወሰኖቹን ሳንነካ 20ውን መቀመጫ እንደ መራጩ ብዛት ብናድል ምን ይሆናል? ጠቅላላው መራጭ 23,210 ስለ ሆነ ለአንድ አባል 1,160 ተኩል ይደርሳል። በዚህ ልክ ደቡብ 10፥ ሰሜን 5፥ ዋተርሳይድ 5 ያገኛሉ። ስለዚህ ካቶሊኮቹ 10፥ ሌሎቹም 10። ቍጥሩ ተስተካክሎ እንኳ ከመቶ 62 የሆነው ወገን ግማሹን ብቻ ያገኛል! ቀሪው ጥመት ያለው በመሥመሩ በራሱ ውስጥ ነው፤ አንዱን ወገን በአንድ ቀበሌ አጭቆ ሌላውን በሁለት ቀበሌ በቂ ብልጫ እንዲኖረው አድርጎ ነበርና። ይህንን ሂሳብ ለብዙ ተማሪዎች አሳይቻለሁ፤ አብዛኞቹ መጀመሪያ አላመኑኝም፥ ራሳቸው ካሰሉት በኋላ ግን ዝም ይላሉ።

የዚህ መሥመር ጕዳት በምርጫ ቀን ብቻ የሚታይ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በሰሜን አየርላንድ ለአካባቢ ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጠው ቤት ያለው ወይም ቤት የተከራየ ሰውና የትዳር ጓደኛው ነበር፤ በዘመድ ቤት ተጠግቶ ወይም አንዲት ክፍል ከሌላ ተከራይ ተከራይቶ የሚኖር ድምፅ አልነበረውም። የማዘጋጃ ቤቱን ቤቶች የሚያድለው ደግሞ ያው ምክር ቤት ነበር። እንግዲህ አንድን የካቶሊክ ቤተ ሰብ በሰሜን ቀበሌ ቤት መስጠት ድምፅ መስጠት ነው፤ ድምፅ መስጠትም የዚያን ቀበሌ ብልጫ ማሳነስ ነው። ስለዚህ ለካቶሊኮች የሚሠራው ቤት በደቡብ ቀበሌ ብቻ እንዲሆን ይደረግ ነበር። እዚያም መሬት ሲያልቅ ቤት ፈላጊው ይጠብቅ ነበር እንጂ መሥመሩን አይሻገርም። እናት ከነልጆቿ በአንዲት ክፍል ታጭቃ የኖረችው በካርታ ላይ ስላለው መሥመር ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

በጥቅምት 5 ቀን 1968 በዚያች ከተማ የመብት ጥያቄ ይዘው የወጡ ሰልፈኞች በፖሊስ ዱላ ተደበደቡ፤ ሥዕሉም በቴሌቪዥን ታይቶ ዓለም አወቀው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መንግሥቱ ምክር ቤቱን አፍርሶ በሌላ ኮሚሽን ለመተካት ወሰነ፤ በተከታዩም ዓመት ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁሉ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ተፈቀደ። በ1971 በወጣ ሕግም ወሰን የሚከልል ራሱን የቻለ ኮሚሽነር ተሾመ፤ አገሩ በ26 ወረዳ ተከፍሎ በ1973 አዲስ ምርጫ ተደረገ። በዚያ አገር ከ3,500 በላይ ሰው ላለቀበት የሠላሳ ዓመት ሁከት መንሥኤው ይህ መሥመር ብቻ ነው አልልም፤ ብዙ ሌላ ምክንያት አለው። ነገር ግን በቀላል መንገድ ሊቃና ይችል የነበረ ነገር ሳይቃና ሠላሳ ዓመት መቈየቱ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን አጣሪው ኮሚሽንም መስክሯል።

መሥመሩን ማን ያቅናው? የሚመረጡት ሰዎች ራሳቸው ካቀኑት ለራሳቸው ያደላሉ። አንድ መሐንዲስ በቢሮው ተቀምጦ ቢያቃናው ደግሞ ቍጥሩን ያስተካክላል እንጂ የሰፈሩን ኑሮ አያውቅም። በገጠራችን የድንበር ክርክር በተነሣ ጊዜ ሽማግሌዎች በጥላ ሥር ተቀምጠው ብቻ አይፈርዱም፤ የወሰኑ ድንጋይ ካለበት ድረስ ሄደው የአካባቢውን አሮጊትና እረኛ ሳይቀር ይጠይቃሉ። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የሚባለውም ስለዚህ ነው። ይህንኑ ሐሳብ በሕግ መልክ አስይዘው ሲሠሩበት የማያቸው እንግሊዞችን ነው።

በእንግሊዝ የምርጫ ቀበሌዎችን ወሰን የሚያሻሽለው በ2009 በወጣ ሕግ የተቋቋመና በ2010 ሥራውን የጀመረ ኮሚሽን ነው። ተጠሪነቱ ለሚኒስትሮች ሳይሆን ለፓርላማ ነው፤ ኮሚሽነሮቹም የፖለቲካ ፓርቲ አባል ሊሆኑ አይችሉም። በአንድ ምክር ቤት ሥር ካሉት ቀበሌዎች ከመቶ 30 በሚበልጡት ውስጥ ለአንድ ተመራጭ የሚደርሰው የመራጭ ቍጥር ከአማካዩ ከ10 ከመቶ በላይ ከራቀ፥ ወይም አንዱ ቀበሌ ብቻውን ከ30 ከመቶ በላይ ከራቀ፥ ኮሚሽኑ ወሰኑን መመርመር እንዳለበት ይቈጥረዋል።

ሕጉ ሦስት ነገር እንዲመዘን ያዛል። የመጀመሪያው አንድ ተመራጭ የሚወክለው የመራጭ ቍጥር በተቻለ መጠን እኩል እንዲሆን ነው። ሁለተኛው ወሰኑ የሰፈሩን ሕዝብ ማንነትና ጥቅም እንዲያከብር፥ ማለት አብሮ የሚኖረውን እንዳይለያይና በቀላሉ የሚታወቅ እንዲሆን ነው። ሦስተኛው ለአስተዳደር ሥራ የሚመች እንዲሆን ነው። ዛሬ ያለውን መራጭ ብቻ ሳይሆን በሚከተሉት አምስት ዓመታት ውስጥ የሚጨመረውንም መገመት ግዴታ ነው።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ምክር ቤቱ ስንት አባላት ያስፈልጉታል የሚለው ይወሰናል። ከዚያ ኮሚሽኑ ምንም መሥመር ሳያሰምር ነዋሪውን «ሰፈራችሁ ከየት እስከ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የመጣውን ሐሳብ መርምሮ፥ ቦታውንም ሄዶ አይቶ፥ የመጀመሪያ ረቂቁን ከካርታ ጋር ያወጣል፤ ስለ ረቂቁም እንደ ገና ይጠይቃል። ለዚህ ብዙ ጊዜ 10 ሳምንት ያህል ይሰጣል። የመጡት አስተያየቶች ለሕዝብ ይገለጣሉ። በመጨረሻው መግለጫ ኮሚሽኑ የትኛውን ሐሳብ እንደ ተቀበለ፥ የትኛውን እንዳልተቀበለና ምክንያቱን ይጽፋል። ትእዛዙም ለፓርላማ ቀርቦ 40 ቀን ይቈያል፤ ፓርላማው ሊቀበለው ወይም ሊጥለው ይችላል፥ ሊለውጠው ግን አይችልም። እኔ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዋናው ምክንያት መጻፉ ነው እላለሁ፤ መልስ የማይሰጥበት ጥያቄ ለነዋሪው ከቀልድ አይሻልምና።

ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ ነውና አንዲት ከተማ በሐሳቤ ልፍጠር። 24,000 መራጮችና 12 የምክር ቤት አባላት አሏት፤ አማካዩ ለአንድ አባል 2,000 ነው። ላይ ሰፈር የሚባለው ቀበሌ 5,200 መራጭና 2 አባላት አሉት፤ ለአንዱ 2,600 ስለሚደርስ ከአማካዩ 30 ከመቶ ይበልጣል። ታች ሰፈር 4,800 መራጭና 3 አባላት አሉት፤ ለአንዱ 1,600 ስለሚደርስ 20 ከመቶ ያንሳል። 1,000 መራጭ ከላይ ወደ ታች ብናዛውር ለላይ ሰፈር አንድ አባል 2,100፥ ለታች ሰፈር 1,933 ይደርሳል። ሂሳቡ አለቀ። ግን የትኞቹን አንድ ሺህ?

ካርታው ሁለት ቦታ ያሳየናል። አንደኛው ከኮረብታው ሥር ያሉት ቤቶች ናቸው፤ በካርታ ላይ ከታች ሰፈር ጋር ይነካካሉ። ሁለተኛው ከገበያው መንገድ ዳር ያሉት ናቸው። መሐንዲሱ ወሰኑ ቀጥ እንዲልለት የኮረብታውን ይመርጣል። በዚያ የሚኖር ተማሪ ግን የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው። በኮረብታውና በታች ሰፈር መካከል ድልድይ የሌለው ገደል አለ፤ ወደ ታች ሰፈር ለመሄድ በላይ ሰፈር ዞሮ አርባ ደቂቃ መራመድ ያስፈልጋል። የኮረብታው ሰው የሚማረው፥ የሚሸምተውና የሚታከመው በላይ ሰፈር ነው። የገበያው መንገድ ሰዎች ግን ከታች ሰፈር ጋር በአንድ ጕድጓድ ውሃ እስከ መካፈል የደረሱ ናቸው። ይህን የሚነግረው ሰው ከሌለ ኮሚሽኑ ከየት ያውቀዋል?

አሁን ደግሞ በታች ሰፈር አዲስ ቤቶች እየተሠሩ ነው እንበል፤ በአምስት ዓመት 1,800 መራጭ ይገባባቸዋል። የከተማው መራጭ 25,800፥ አማካዩም 2,150 ይሆናል። አንድ ሺውን ያዛወርንለት ታች ሰፈር 7,600 መራጭ ስለሚኖረው ለአንድ አባል 2,533 ይደርሳል፤ ከአማካዩ 18 ከመቶ ገደማ ይበልጣል። ዛሬ ያቃናነው ነገ ጠመመ። ታዲያ ስንት ሰው ብናዛውር ዛሬም የዛሬ አምስት ዓመትም ይሻላል? ወይስ የአባላቱን ድልድል መለወጥ ያስፈልጋል? ይህን አንባቢው ራሱ አስልቶ ይድረስበት።

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው ጥሩ አስተያየት ማለት ማስረጃ ያለው አስተያየት ነው። «ወሰኑን አልወደድነውም» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። «ቤቴ ዋጋው ይወርዳል»፥ «የፖስታ አድራሻዬ ይለወጥብኛል»፥ «የእኛ ፓርቲ ይሸነፋል» የሚሉትንም ኮሚሽኑ አይመለከታቸውም። የሚመለከተው ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት፥ ሰው የሚገበይበትን ስፍራ፥ አውቶቡሱ የሚሄድበትን መንገድ፥ ወንዙንና የባቡር ሐዲዱን፥ የሰፈሩ ማኅበር ከየት እስከ የት አባላት እንዳሉት የሚያሳየውን ነው። የደብዳቤው ብዛትም እንደ ድምፅ አይቈጠርም። አንድ ዓይነት ቃል የተጻፈባቸው 500 ደብዳቤዎች ገደሉን በሥዕል ካሳየ አንድ ደብዳቤ ላይበልጡ ይችላሉ።

ትልቅ ከተማም በዚህ መንገድ ተከልሏል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት በርሚንግሃም በ40 ቀበሌ ተከፍላ ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሰው፥ በጠቅላላው 120 አባላት ትመርጥ ነበር። በ2014 መጨረሻ የከተማዋን አስተዳደር የመረመረ አንድ መግለጫ ጉድለቶቿን ከዘረዘረ በኋላ ወሰኗ ተመረመረ፤ ከ2018ቱ ምርጫ ጀምሮ 69 ቀበሌዎችና 101 አባላት ሆኑ። ከቀበሌዎቹ 37ቱ አንድ አንድ፥ 32ቱ ሁለት ሁለት ሰው ይመርጣሉ። ትንንሽ ቀበሌ ሰው ሰፈሬ ብሎ ከሚጠራው ጋር ይቀራረባል፤ ይህ ጥቅሙ ነው። በሌላ በኩል የአባላቱ ቍጥር በ19 ስለ ቀነሰ አንዱ ተመራጭ የሚሸከመው ሰው በዛ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ለሚለው እኔ ትንሹን ቀበሌ እመርጣለሁ፤ ከእኔ የሚለይ ሰውም በቂ ምክንያት አለው።

የዚህ ሥርዐት ጉድለትም መነገር አለበት። አስተያየት የሚጽፈው ብዙ ጊዜ የተማረው፥ ጊዜ ያለውና ቋንቋውን የሚችለው ነው፤ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራው፥ በየዓመቱ ቤት የሚለዋውጠው ተከራይና ስደተኛው ዝም ይላሉ። ፓርቲዎችም በነዋሪ ስም ተሸፍነው የራሳቸውን መሥመር ይልካሉ። በዚያ ላይ የሚቈጠረው በመራጭነት የተመዘገበው ብቻ ስለ ሆነ ብዙ ሕፃናትና ያልተመዘገቡ ሰዎች ያሉበት ሰፈር ተመራጩ ከሌሎቹ የበለጠ ሥራ ይወድቅበታል። ስለዚህ መጠየቁ ብቻ አይበቃም፤ ዝም ያለው ሰፈር ለምን ዝም እንዳለ ሄዶ ማየትም የጠያቂው ሥራ ነው።

በአገራችን ስለ ምርጫ ክልል ወሰን የተደነገገው በ1995 (በእኛ 1987 ዓ.ም.) በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 ንኡስ አንቀጽ 5 ውስጥ ነው። በየዐሥር ዓመቱ የሕዝብ ቈጠራ ይደረጋል፤ በቈጠራው ውጤት መሠረት የምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያቀርባል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ወሰኑን ይወስናል ይላል። ነዋሪው ስለ ወሰኑ ይጠየቅ የሚል ቃል ግን በዚያ ንኡስ አንቀጽ ውስጥ የለም። ቈጠራው በ1984፥ በ1994 እና በ2007 ተደርጓል። አራተኛው በ2017 እንዲሆን ታቅዶ ከአንድ ጊዜ በላይ ተላለፈ፤ በዚህም መካከል ስንት አዲስ ሰፈር እንደ ተቈረቈረና ስንት ሰው ከገጠር ወደ ከተማ እንደ ገባ ከተማሪዎቻችን መካከል ብዙዎቹ ከቤተ ሰባቸው ታሪክ ያውቁታል።